ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ የሚንኳኳው በር

ወጣ! ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ካልሲዬን እያጠለቅሁ ሳለ አጎቴ ደሱ ደወለና «ሊዱ፣ ወጣልን! ክፈቺና እዪው» አለኝ። አንዱ እግሬ ባዶውን እንደሆነ ስልኬን ከፈትኩ። መዝሙርና ዘፈን በሚሸጠው አፕ ላይ፣ ከትልልቆቹ ዘማሪዎች ፎቶ በታች፣ የአንዲት ሙቀጫ ሥዕል አለ። ከሥሩ «እትዬ አስካለ» ይላል። ከስማቸው በታች ደግሞ እኔ የጻፍኳት አጭር መግለጫ አንድ ቃል ሳይነካባት ቁጭ ብላለች። ጮህኩ። እማዬ ከጓሮ «ምን ነካሽ፣ እባብ ነው?» እያለች መጣች። ስልኩን ሰጠኋት። አየችው፣ አየችውና የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

ገዛሁት፣ አወረድኩት፣ ከፈትኩት። መጀመሪያ ዝናቡ መጣ። ከዚያ ሙቀጫው። ቤታችን ውስጥ ኮረሪማ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግን ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አፍንጫዬ ውስጥ ኮረሪማ ይወቀጣል። ዛሬም ተወቀጠ። ከሽታው ጋር ያ ክረምት መጣ፤ እናም ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ በእኛ ሰፈር መዝሙር ከአየር ላይ አይወርድም፣ ይጫናል። አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኙና በልብስ ሰፊው መሃል፣ አጎቴ ደሱ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ሰዉ ሚሞሪውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥሮ ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መሃል ጨምሮ ይመጣል። ደሱ ያቺን የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የፈለጉትን መዝሙር ይጭንላቸዋል። ትምህርት ስለተዘጋ እማዬ ቤት ብቻዬን ከምትተወኝ ወደ እሱ ላከችኝ።

ሥራ ሰጠኝ። የእያንዳንዱን ሰው ሚሞሪ እንዳይጠፋ በየቆርኪው ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሲጫን ደግሞ በትንሿ ስፒከር እፈትሻለሁ። «መጀመሪያውንና መጨረሻውን ስሚ» ይለኛል፤ «ሁለቱ ከሠሩ መሃሉ አይዋሽም።»

ደሱ እንደ ሙያ ጓደኞቹ ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ሚሞሪ ሲሰጡት ከመጫኑ በፊት መጀመሪያ ይወስዳል። እሱ ዘንድ የሌለ ነገር ካገኘ ጠራርጎ «አዲስ ገቢ» ወደሚለው ቦታ ይገለብጣል፤ ከዚያ ያንኑ አዲስ ገቢ ለሚቀጥለው ደንበኛ በምርቃት ይጭንለታል። መዝሙር ከቤት ቤት የሚዞረው እንዲህ ነበር፤ ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። አሮጌው ኮምፒውተር ሲገለብጥ ትንንሽ ወረቀቶች ከአንዱ ወገን ተነስተው ወደ ሌላው ሲበሩ ይታያሉ። እኔ እያንዳንዷ ወረቀት ዘማሪዋ ራሷ ትመስለኝ ነበር።

«ከዚያኛው ወጥታ ስትመጣ እዚያ ባዶ ይቀራል?» አልኩት አንድ ቀን።

«አይቀርም። ሁለት ቦታ ትሆናለች።»

«ሰው ሁለት ቦታ ይሆናል?»

«ድምፅ ይሆናል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቤታችን ቀራንዮ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። እትዬ አስካለና ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ በዚያው ግቢ ከእኛ ቀጥሎ ይኖሩ ነበር። ከቦንጋ የመጡ የማርና የኮረሪማ ነጋዴዎች ናቸው። እትዬ አስካለ ከእማዬ ጋር በአንድ ቸርች፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ቀሚሳቸው፣ የበራቸው መጋረጃ፣ የሚሰጡን ብር እንኳ ሳይቀር ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ብቻቸውን ሲወቅጡ በአገራቸው ቋንቋ በለሆሳስ ያንጎራጉራሉ። ሰው ሲመጣ ያቆማሉ። ስለዚህ መዝሙራቸውን ጨርሶ የሰማው የለም።

ክረምቱ እንደገባ አልጋ ያዙ፤ ብዙም አልቆዩ። ማንም «ሞቱ» አላለኝም። «ጌታ ጋ ሄዱ» ነው የተባልኩት።

«መቼ ይመለሳሉ?» አልኳት እማዬን።

«እሷ አትመለስም። እኛ ነን ወደ እሷ የምንሄደው።»

ይህ መልስ ከሞት ይልቅ አስፈራኝ። መቼ እንደምንሄድ አልነገረችኝማ።

ድንኳን ተተከለ። ጋሽ ወልዴ ለድንኳኑ መዝሙር እንዲጫንላቸው ሚሞሪያቸውን ከስልካቸው አውጥተው ለደሱ ሰጡት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰካው፤ እንደ ልማዱም መጀመሪያ ወሰደ። አንዲት ወረቀት፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ ተነስታ ወደዚህ በረረች።

«ምንድነው እሱ?»

«እንጃ፣ ስም የለውም» አለ፤ ሐዘን ቤት ስለሚጠብቀው ከፍቶም አላየው።

እኔ ግን አየሁ። «ሄዱ» ሲሉ የት እንደሄዱ ያወቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ኮምፒውተር ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ የልብስ ሰፊውን ሚሞሪ እየፈተሽኩ ነበር። መጀመሪያው ሠራ። ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ወፍራም ዝናብ። ቀና ብዬ ወደ ውጭ አየሁ፤ ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ ደርቋል፤ ወያላው እጅጌውን ሰብስቦ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላል። ዝናቡ ግን ይዘንባል። ከዝናቡ ውስጥ ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል መጣ። ከዱምታው በላይ የማላውቀው ቋንቋ፣ በጣም ዝግ ያለ፣ በአፍንጫ የሚንጎራጎር። ከዚያ በር ተንኳኳ። ዱምታው ቆመ። አንድ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር ያለ ያህል ቀርቦ፣ እንዲህ አለ፦

«ማነሽ? ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው።»

ሚሞሪውን ነቀልኩት። ሱቁ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ግቢ» ያሉት እኔን ነው። ጣቶቼን ሳሸታቸው ኮረሪማ ይሸቱ ነበር፤ ማመን ያልፈለገ ይተወው።

ለማንም አልተናገርኩም። መናገር ግን አላስፈለገኝም፤ በራሱ ዞረ። ከአየር ጤና ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መዝሙሩ ሲያልቅ ዝናብ ጀመረ፤ ሹፌሩ ፌርማታውን አልፎ ነው ደንግጦ የቆመው። ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፤ ማን እንዳንኳኳ ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ በሰፈራችን መተላለፊያ ስናልፍ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከአንዱ ቤት ይዘንባል፣ ወዲያው ይቆማል፤ ቀጥሎ ከማዶው ቤት ይዘንባል። እትዬ አስካለ ከቤት ቤት እየዞሩ በር የሚከፍቱ ይመስለኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ያጠፋዋል። «ክፍት ነው» ከሚለው አልፎ የሰማ አንድ ሰው አልነበረም።

አንድ ከሰዓት የእማዬ የጸሎት ጓደኞች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጸሎቱ ሳይጀመር ወሬው ተጀመረ።

«ዕቃ እያጠብኩ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ የቡድኑ ታላቅ። «መዝሙሩ አለቀ። ከዚያ ዝናብ። ከዚያ ‹ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው› አለችኝ። ዞር ብል የገዛ በሬ ወለል ብሏል! እኔ ደግሞ ዘግቼዋለሁ። በኢየሱስ ስም፣ ዘግቼዋለሁ!»

«ድመት ከፍቶት ይሆናል» አለች እማዬ።

«ድመት መቀርቀሪያ ያነሳል?»

«እኔ ልሳን ይመስለኛል» አለች ሰናይት፣ ከሁሉ የምታንሰው። «ቋንቋው የዚህ ዓለም አይመስልም። የሚፈታው ሰው ነው የጠፋው።»

«ደግሞ ልሳን ሙቀጫ ይዞ ይመጣል?» አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ሰናይት ቀስ ብላ «ድምፁ የእትዬ አስካለ ነው» አለች። «ሁላችሁም አውቃችሁታል።»

ማንም ማንንም አላየም። ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ጠብ ሲል ሁላቸውም ቀና አሉ።

«ሙት አይጠራም» አሉ እትዬ ብዙነሽ በመጨረሻ። «ሙት መስሎ የሚጠራ ግን አለ።»

እማዬ ጉልበቷ ላይ ያለውን መጽሐፍ ከደነችና «ይጥፋ» አለች። «ከየቤታችን እናጥፋው። ደሱም ከሱቁ ያጥፋ። እኔ እነግረዋለሁ።»

ደሱ አጠፋ። በማግስቱ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ለመጫን ሳይሆን ለማስጠፋት መጣ። ከኮምፒውተሩ ላይ ራሱን ሲያጠፋው «እርግጠኛ ነህ ወይ ይለኛል እኮ!» ብሎ ወደ እኔ ዞር አለና ተጫነው። ወረቀቷ የትም አልበረረችም። ዝም ብላ ጠፋች። እትዬ አስካለ ከሰፈሩ ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ተባረሩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዝናብ የት ሊያድሩ ነው?

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን አየር ጤና መብራት ጠፋና ደሱ ቀደም ብሎ ወደ ቤት ላከኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ቤታችን በቀን ጨልሟል። በሩ ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል ዝናብ ሰማሁ። እጄን ወደ ውጭ ዘረጋሁ፤ ምንም አልነካኝም። ከመጋረጃው ጀርባ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እንጉርጉሮው። ኳኳታው።

«ማነሽ? ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው።»

ከዚያም ከዚያው ጨለማ ውስጥ የእማዬ ድምፅ መለሰ፦ «እኔ ነኝ አስኩዬ።»

ቀጭ ብሎ ሁሉም ነገር ዝም አለ።

«እኛ ነን ወደ እሷ የምንሄደው» ብላኛለች። በቃ፣ ሄደች አልኩ በልቤ። ያለ እኔ ሄደች። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መጋረጃው ተገለጠና እማዬ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርቱ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት። ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ግቢ እንጂ!»

ያን ቀን ለመግባት ምን ያህል እንደከበደኝ አትጠይቁኝ።

ዝናቡ በርትቶ የሰፈራችን ቦይ ከሞላ በኋላ ጋሽ ወልዴ ወደ ሱቁ መጡ። ከሲታ ሆነዋል። ስልካቸው ጎርፍ ውስጥ ወድቆባቸው ሚሞሪውም ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ስባሪውን በወረቀት ጠቅልለው ይዘውታል።

«ደሱ ልጄ፣ ለድንኳኑ ጊዜ ከዚህ የገለበጥከው ነገር ይኖር ይሆን? አንዲት ነገር ነበረች። ሊያማት ጥቂት ሲቀራት፣ ስልኩን እየነካካሁ ሳላውቀው የቀረጽኩት። እየወቀጠች።»

የደሱ ፊት አመድ መሰለ። የት እንደበረረ፣ ምን እንዳጠፋ አሁን ገባው። ባዶ መሆናቸውን የሚያውቃቸውን ቦታዎች እየከፈተ ይዘጋል።

«ፎቶስ አላት» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ድምፅ ግን ሌላ የለኝም። ሰሞኑን ስትጠራኝ እንዴት ትል እንደነበር ልሰማው እሞክራለሁ፤ አልመጣልህ እያለኝ ነው። ጠዋት ነበር፣ ማታ ጠፋ። ነገ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ደሱ ስባሪውን ከእጃቸው ተቀበለ።

«እማዬ አላጠፋችም» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ አስካለ እኛ ቤት ናቸው» አልኳቸው።

ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ወደ ቀራንዮ መጣን። እማዬ በሩ ላይ ስታየን ገባት። ከሳጥኑ ጀርባ በነጠላ የተጠቀለለችውን ትንሽ ስፒከር አወጣች። ሚሞሪው እንደተሰካ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። የሰውን ሁሉ አስጠፍቼ የራሴን... አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።»

«አንቺን እግዜር ይባርክ። ክፈቺው።»

ይህን ጊዜ እትዬ ብዙነሽ ሰው ተሰበሰበ ብለው ብቅ አሉ፤ ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ወልዴ «ይቀመጡ» አሏቸው። ተቀመጡ፤ ግን በሩን በዓይናቸው ይዘው።

ዝናቡ መጣ። ሙቀጫው መጣ። እንጉርጉሮው ሲጀምር ጋሽ ወልዴ ከንፈራቸው ተከትሎ ተንቀሳቀሰ።

«ይገባዎታል?» አሉ እትዬ ብዙነሽ በሹክሹክታ።

«የአፌ መፍቻ አይደል እንዴ! ‹ዝናቡ ያዘኝ ጌታዬ፤ የቤትህን መብራት ከሩቅ አየሁ፤ እግሬ ጭቃ ነው፤ እንዲሁ መጣሁ› ነው የምትለው። ራሷ ናት ያወጣችው።» ዓይናቸውን ከስፒከሩ አላነሱም። «ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ተቀምጣችኋል። አንድ ቀን ‹አስካለ፣ በአገርሽ ቋንቋ ዘምሪልን› ያላት አለ?»

እትዬ ብዙነሽ አንገታቸውን ደፉ። እማዬም ደፋች።

ተንኳኳ። ዱምታው ቆመ። የእማዬ እጅ እንደ ልማዷ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ጋሽ ወልዴ ያዟት። «ተይው። ትናገር።»

«ማነሽ? ግቢ፤ በሩ ክፍት ነው።»

ስፒከሩ ውስጥ በር ሲጥ አለ። ትንንሽ ኮቴ ገባ። ከዚያ አንዲት ሕፃን፣ ድምፅዋ የቀጠነ፣ እንዲህ አለች፦

«እኔ ነኝ እትዬ። እማዬ ትንሽ ጨው ይስጡኝ ብላለች።»

እኔ ነኝ! እኔ ራሴ!

«ኧረ ጫማሽ! አውልቂውና ነይ። እጅሽን ዘርጊ። ቆይ መጀመሪያ ይቺን ሽተቺ» አሉ እትዬ አስካለ እየሳቁ። ሕፃኗ አነጠሰች። እንደገና አነጠሰች። የእሳቸው ሳቅ ቤቱን ሞላው። በጣም ቀርቦ የጋሽ ወልዴ ድምፅ «ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት የምትበራው?» አለ። «ወልዴዬ፣ አትነካካው ብዬህ!» አሉ እሳቸው። አለቀ።

ጋሽ ወልዴ «ወልዴዬ» አሉ ለራሳቸው፣ በዚያችው ዜማ። «‹ወልዴዬ› ነበር። ‹ዬ›ውን ትጎትተዋለች።» እያለቀሱ ይስቁ ነበር። እትዬ ብዙነሽም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ደሱ ውጭ ወጥቶ ቆመ።

እኔ ግን አፌን በእጄ ያዝኩ። እዚያ ውስጥ ያሉት የሄዱ ሰዎች ከሆኑ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ምን እሠራለሁ?

«እማዬ፣ እኔም ሄጃለሁ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተነስታ ጨው ቆንጥራ መጣች፣ መዳፌን ገለጠችና አኖረችበት። «ላሺው።» ላስኩት። «እንዴት ነው?»

«ጨው ጨው ይላል።»

«በቃ፣ እዚህ ነሽ።»

ያቺን ሚሞሪ ጋሽ ወልዴ ለዓመታት ይዘዋት ኖሩ። ዘንድሮ ራሳቸው «እየተደበቀች አትኑር፤ በፈቃዴ ትውጣ» አሉና ደሱ ድምፁን አጽድቶ ወደ አፑ ላከው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ስልካቸውን እንደ እንቁላል ይዘው እየጠበቁኝ ነበር።

«ሊዲያ፣ ልግዛት። አሳዪኝ።»

«የእርስዎ አይደለች እንዴ? ምን ይገዛሉ?»

«አገሩ ሁሉ በበር ሲገባ እኔ በአጥር ልዝለል?»

አሳየኋቸው። አፑን ከፍተው ስሟን በአማርኛ ጻፉ። ዋጋዋን ነክተው የሚስጥር ቁጥራቸውን ከእኔ ዞር ብለው አስገቡ። «አሁን ተከፍሏል እንጂ ገና አልመጣችም» አልኳቸው፤ «ወደ ታች የምታመለክተዋን ቀስት ይንኩ፤ ክቧ እስክትሞላ አይቸኩሉ። ከዚያ ዳታዎን ያጥፉና ይክፈቱት። ያለ ዳታ ከዘመረች የእርስዎ ናት ማለት ነው።» ክቧ ሞላች። ዳታቸውን አጠፉ። ዝናቡ መጣ።

«አሁን እዚህ ገባች» አሉ ስልኩን እያዩ። «እዚያስ የለችም?»

«ሁለት ቦታ ናቸው ጋሼ።»

እናንተም ግዟት። ማውረድ የማያውቅ አባት ወይም እናት ካላችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ለጋሽ ወልዴ እንዳሳየሁት አሳዩአቸው፤ የሰፈራችን ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ደሱ ሱቅ አለሁ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ዝናቡ ሲመጣ በመስኮት አትዩ። በሩ ሲንኳኳም አታጥፉት።

የማንኳኳው እኔ ነኝ።